ሦስተኛ ማርሽ ላይ

ሰኞ፣ ሰኔ 1

ዛሬ ጠዋት አንዲት አዋላጅ ነርስ ጋራዡ መጣች። መኪናዋ አርጅታለች፤ አያያዟ ግን ያስቀናል። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረ፣ ጎማው በልኩ የተነፋ፣ ወንበሩ ሥር አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለም።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና ፈጣን ያድርጉልኝ» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። እንዲህ ብለው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ጢማቸውን ገና መላጨት የጀመሩ ናቸው። እሷ አርባን ተሻግራለች።

«ከማን ጋር ሊሽቀዳደሙ ነው ሲስተር?»

«ከምጥ ጋር።»

ከተራራው ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛውራለች። ሐምሌ ሃያ ሰባት ሥራ ትጀምራለች። ቤቷና እናቷ እዚህ ናቸው፤ ስለዚህ ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ ልትኖር ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ መኪናዋ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተለጥፋ ነው የምትወጣው። ሲጠሯት ደግሞ ነገ እመጣለሁ የሚባል ነገር የለም።

«ግን ፈጣን ብቻ አይደለም» አለች። «መንገድ ላይ ጥላኝ የምትቀር ከሆነ አልፈልጋትም። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

ቱርቦ ያስፈልጋታል አልኳት። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የምትሽከረከር ማራገቢያ ናት፤ አየሩን ጠቅጥቃ ሞተሩን ታጎርሰዋለች። እሺ ያልኩት ሳላንገራግር ነው። ዓመቱን ሙሉ የፍሬን ሸራ ስቀይር ከርሜ ሰልችቶኛል።

ከበሩ ስትወጣ ዞር ብላ የሆነ ነገር አለችኝ። እሺ አልኳት። ኮምፕረሰሩ ይጮህ ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ዕቅዱን ከሽቦ ጋር ተቀምጠን ጻፍን። ሽቦ የጋራዡ ኤሌክትሪሻን ነው፤ በስሙ የሚጠሩት እናቱ ብቻ ናቸው። አሥር ዓመት አብረን ሠርተናል። ጋሼ ይለኛል። እኔም እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው፤ የሚያበሳጨኝም እንደ ታናሽ ወንድም ነው።

መጀመሪያ ፍሬን። ቶሎ መሄድ የሚችል መኪና ቶሎ መቆም ካልቻለ የሬሳ ሣጥን ነው። ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፤ ሰፋ ያለ ራዲያተር፣ ለዘይቱም የራሱ ማቀዝቀዣ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱት ፒስተኖች ይወጣሉ፤ ከፋብሪካ የመጡት የቱርቦን ግፊት ስለማይችሉ ጠንከር ያሉት ይገባሉ። ፍሪሲዮኑም ይቀየራል። ቱርቦዋ መጨረሻ ላይ ናት፤ ትንሿን ነው የምናስገባው። ትልቋ ጉራ ብቻ ናት፤ እስክትነቃ ድረስ ሹፌሩ ያረጃል። ትንሿ ግን ገና ከታች ጀምራ ትገፋለች።

ሽቦ እስከዚህ ድረስ ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። ከዚያ «ማዳመጫም እንግጠምላት» አለ። ሞተሩ ጎን ላይ የምትታሰር፣ የብሎን ራስ የምታህል ነገር ናት፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ ኮምፒውተሩ ላይ ታሳያለች።

የቱርቦ ሞተር ትልቁ ጠላት ይህ መንኳኳት ነው። ነዳጁ ከሰዓቱ ቀድሞ ሲፈነዳ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚረግፍ ጠጠር ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ የናቀ ሰው ፒስተኑን ተሰባብሮ ያገኘዋል።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ጆሮ ነው የሠራሁት» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ። በተጨማሪ ብትኖር ብዬ ነው።»

«ጆሮ ያለው ሰው ማዳመጫ አይከራይም።»

ደብተሩን ዘጋው። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ቀነሰችው። መልሼ ጨመርኩት። መልሳ ቀነሰችው። ሰዎቹ እንደሆነ አፋቸው ውስጥ ነው የሚያወሩት። ተዋናይ የሚባል ነገር ድሮ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

የሞተሩን አካል ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት፤ ለአዲሶቹ ፒስተኖች መሞረድ አለበት። የቶርኖ ቤቱ ሽማግሌ እጁ ወርቅ ነው፤ ጆሮው ግን ፈጽሞ ደንቁሯል። ስለ ፒስተን ስጠይቀው ስለ ልጁ ሠርግ መለሰልኝ፤ እኔም ስለ ሠርጉ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሁለታችንም ስንጮህ ሽቦ በር ላይ ቆሞ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ምን ያስቅሃል?» አልኩት መንገድ ላይ።

«ምንም» አለ። «ሁለት ሬዲዮ በተለያየ ጣቢያ።»

እኔም ሳቅኩ። ምስኪን ሽማግሌ፤ እርጅና አይጣል ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ፍሬን አለቀ። ራዲያተር ገባ። የዘይት ማቀዝቀዣው ቦታ ጠበበው፤ ማቀፊያውን ሁለት ጊዜ ቆርጬ በየድኩ። ወገቤ። ቱርቦዋ አልደረሰችም። ሐምሌ ሃያ ሰባት እየመጣ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 21

ልጃችን ከሩቅ ደወለች። ኔትወርኩ ቀሽም ነው፤ ድምፅዋ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። ሁለት ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አልኳትና ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ። ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራቻት። እንዴት እንደምትሰማት እንጃ። ሴትና ሴት ይግባባሉ።

በኋላ በረንዳ ላይ ለጎረቤታችን ስትነግራት ከፊሉን ያዝኩ። «...ሦስት ጊዜ ጠርቼው... ከኋላው ቆሜ...» ስትል። ስለ ተማሪዋ መሆን አለበት። ትንንሽ ልጆች ነው የምታስተምረው፤ አርባ ልጅ በአንድ ጥሪ ጸጥ የምታሰኝ ሴት እኔ ጋ ስትደርስ ለምን እንደምታንሾካሹክ አይገባኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

ሞተሩ ተዘግቶ ቦታው ገባ። ሽማግሌው እንደ መስታወት አድርጎ ነው የሞረደው። ቱርቦዋም ደረሰች። አንድ እጄ ላይ የምታርፍ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለች። ሽቦ ዛሬም ስለ ማዳመጫዋ አነሳ፤ ዛሬም አይሆንም አልኩት። ከሚገባው በላይ ጮኼበት ይሆናል። ነገ ይቅርታ እለዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 4

አስነሣናት።

ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፤ አስተማሪዬ ያሳየኝ እንዲህ ነው። ድሮ እያንዳንዷን ቫልቭ ለይቼ አውቅ ነበር፤ የትኛዋ ላልታለች፣ የትኛዋ ጠብቃለች። ዛሬ አንድ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነው የሰማሁት። ለስላሳ ነው። ደህና ስለገጠምነው ነው።

ሽቦን ይቅርታ አላልኩትም። ሥራ በዛ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

የመጀመሪያ ሙከራ። እኔ ነዳሁ፤ ሽቦ አጠገቤ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከከተማ ወጥተን ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ረገጥኩት። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ስንት ዘመኔ እንዲህ ከሆንኩ! እንደ ልጅ ሳቅኩ።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሽቦ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ሰሙት?»

«ምኑን?»

«እንዲህ ትር... ትር ያለ ነገር።»

«የጭስ ማርሚታው ሽፋን ነው። ነገ አጠብቀዋለሁ።»

ዐየኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ። «ይድገሙት እስቲ።»

ደገምኩት። ትንፋሼን ይዤ ነው ያዳመጥኩት። ምንም የለም። ማለት፣ ንጹሕ ነበር።

«አሁንስ?» አለኝ።

«ንጹሕ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዚህ ቤት ንጹሕ ነው የምለው እኔ ነኝ» አልኩት። ካልኩት በኋላ ቅር አለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

የማርሚታውን ሽፋን አየሁት። ጥብቅ ነው። ቢሆንም አጠበቅሁት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

አዋላጇ መጣች። እናቷን ከሐኪም ቤት እየመለሰች ነበር፤ አሮጊቷ ታክሲ ውስጥ ሆነው በመስኮት ያዩናል። «እደርሳለሁ?» አለችኝ። እሑድ ዳገቱን አብረን እንሞክራለን አልኳት።

ከሄደች በኋላ የቱርቦዋን ግፊት በትንሹ ጨመርኩት። ከፍታው ላይ እንዳያንስ ብዬ ነው። ሽቦ ምሳ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ነገርኩት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። «እርስዎ ካሉ» አለ። እነዚህን ሁለት ቃላት ከሱ አፍ መስማት አልወድም።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ጭቃዬን ሳላጥብ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን። እኔ ነዳሁ፤ አዋላጇ አጠገቤ ተቀመጠች። ሽቦን አልጠራሁትም። እሑድ ነው፣ ይረፍ ብዬ ነው። ዝናቡ ካፊያ ነበር። የዳገቱ መጀመሪያ ላይ ሦስት ጭነት መኪና ተከታትለው ይወጣሉ፤ መንገዱ ሲገለጥ ረገጥኩትና ሦስቱንም እንደ ቆሙ ያህል አለፍናቸው። እሷ የበሩን እጀታ ይዛ ሳቀች። «እንዲህ ነው እንዴ!» አለች። ደስታዋን ሳይ ድካሜ ሁሉ ለቀቀኝ።

አጋማሹ ላይ አንገቷን አዘነበለች። «ጋሼ፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?»

«የቱ ድምፅ?»

«እንደ ጠጠር። ከፊት በኩል።»

እንደ ጠጠር አለች። ማንም ሳይነግራት፣ ቃሉን እራሷ አመጣችው። እግሬን ማንሣት ነበረብኝ። «መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ነው» አልኳት። መንገዱ አስፋልት ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርን፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሁለት መታጠፊያ ቀርቶታል፣ እግሬን አላነሣሁም።

ከዚያ ጉልበቱ ድንገት ጠፋ። በመስታወቱ ስመለከት ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ነው። ሞተሩ ተንፈራገጠና ዝም አለ። መታጠፊያው ላይ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ቆምን።

ከኋላ ለሚመጡት ድንጋይ ላደርግ ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ሳስተካክል ድንገት አንገትጌዬ ታንቆ ወደ ኋላ ተጎተትኩ፤ ቦይ ውስጥ በጀርባዬ ወደቅሁ፣ አዋላጇም እላዬ ላይ ወደቀች። ጭነት መኪና ከላይ እየወረደ መታጠፊያውን ሲሰብር ኋላው ተንሸራቶ የቆምኩበትን ቦታ ጠራርጎት አለፈ። የእኛን መኪና በክንድ ርቀት ሳታት።

ሹፌሩ ወርዶ እየጮኸ መጣ። «ፍሬኑ ሲጮህ አትሰማም? ሴትዮዋ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ስትጠራህ አትሰማም?»

«ዝናብ ነው» አልኩት።

አዋላጇ ጭቃዋን እያራገፈች ዐየችኝ። ካፊያ ነበር። ካፊያ ድምፅ የለውም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 13

መኪናዋን ጎትተን አመጣናት። ሽቦ ደረሰ። «ምን ሆነ?» አለ። ነዳጁ መጥፎ ነው አልኩት። «ከየትኛው ማደያ?» አለ። የሱን ሽቦዎች ወቀስኩ። የማቀጣጠያውን ሰዓት አንተ ነህ ያበላሸኸው አልኩት፣ ሰው ፊት።

የሥራ ልብሱን አወለቀ። አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«ረቡዕ ዕለት ነግሬዎት ነበር» አለና ሄደ።

አጥፎ ባያስቀምጠው ይሻለኝ ነበር። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ሞተሩን ብቻዬን ፈታሁት። ሦስተኛው ፒስተን ጠርዙ ተሰብሯል። የሌሎቹ ሦስቱ ራስ በጥቃቅን ነጥብ ተበልቷል፤ አሸዋ የበላው ይመስላል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ረቡዕ ያንኳኳ ነበር። ግፊቱን ስጨምር አብዝቶ ያንኳኳ ነበር። እሑድ ከሥር እስከ ላይ ሲያንኳኳ ወጥቷል። ሽቦ ሰማው፤ ሞተር አይታ የማታውቅ ሴት ሰማችው።

ነዳጁ ይሆናል ብዬ ናሙና በጠርሙስ አስቀምጬ ነበር። ደፋሁት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

ቶርኖ ቤት ሄድኩ፤ የሞተሩ የውስጥ ግድግዳ ስለተቧጨረ እንደገና መሞረድ አለበት። ሽማግሌው ፒስተኑን በብርሃን አዞረው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ወንበር ሳበልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ምኑ ይለኛል እንዴ! እኔ ሰባት ዓመት ዋሽቼአለሁ። ሚስቴ በሹክሹክታ ታወራለች እያልኩ ነው የቀበርኳት። ነፍሷን ይማርና፣ በሹክሹክታ አልነበረም።»

እሱ ቀጠለ፤ «እኔ ብረቱን በእጄ ማዳመጥ ተምሬያለሁ፤ ብረት ደግሞ ሰው አይጭንም። አንተ ግን ሰው የሚሄድበት ነገር ነው የምትሠራው። ለኔ አልሰማም ብለህ አትናዘዝ። ሄደህ ለሚመለከተው ንገር።»

ደንቁሯል ብዬ ስስቅበት የነበረ ሰው ነው። ምስኪን ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

ለባለቤቴ ነገርኳት። ደብተር ስታርም ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ልጄ ስትደውል ምን እንደምትል አልሰማትም» አልኳት። ከሁሉ በፊት የወጣው ይህ ነው፤ ስለ ሞተሩ ልነግራት ነበር የተነሣሁት።

አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ ተቆጣች። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ነው! ከኋላህ ቆሜ ስጠራህ ዝም ስትለኝ፣ ሰለቸሁት ብዬ ነበር እኮ የማስበው። አስቀየምኩት፣ ጠላኝ ብዬ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠየቅሁህ። አልሰማህም።»

እሷ ናት ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ እኔ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 21

የጆሮ ሐኪሙ ድምፅ በማይገባባት ጠባብ ክፍል አስቀመጠኝ፤ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ በመስኮቱ ተመለከትኩ። ሐኪሙ ይሠራ ነበር።

ወፍራሙን ድምፅ ይሰማሉ፣ ቀጭኑ ሄዷል አለኝ። የሴት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ፣ የስልክ ድምፅ። የፋብሪካና የጋራዥ ሰው እንዲህ እንደሚሆን ነገረኝ። መርጃ መሣሪያ ለንግግር ይረዳል። «የሞተር መንኳኳትስ?» አልኩት። ወደ ወረቀቱ ተመለከተ። «በሱ ተማምነው ሰው አያሳፍሩ» አለኝ።

ስንት መኪና ነው ንጹሕ ነው ብዬ የሸኘሁት? ሁለት ዓመት። ልቆጥር ሞከርኩና ተውኩት። ተውኩት ማለቴ ውሸት ነው፤ ዝርዝሩን ጀምሬያለሁ። እያንዳንዳቸውን ጠርቼ አስፈትሻለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

ሽቦ ቤት ሄድኩ። እናቱ በሩን ከፈቱልኝ። «ያስቀየምከው አንተ ነህ?» አሉኝ ሳይጨብጡኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «ግባ» አሉ።

የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። የሚያወራ ወረቀት ነው፤ መስመሩ መጨረሻው ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። ረጅም ጊዜ ዐየው።

«ረቡዕ ዕለት አልሰማሁትም። ሰምቼ የናቅሁት አይደለም» አልኩት። «አልሰማሁትም፤ አልሰማሁም ማለትም አልቻልኩም። ሰው ፊት ስለወቀስኩህ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ። «አውቄ ነበር ጋሼ። ከዓመት በፊት ነው ያወቅሁት። ማዳመጫዋን እንግጠም ያልኩት ለመኪናዋ ብዬ መሰለዎት? እንዳይዋረዱ ብዬ ነበር። በግልጽ ብነግርዎት ኖሮ ሴትዮዋ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ባልቆመች።»

ለአሥር ቀን ይህን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። እኔ ያኮረፈ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ንጹሕ ነው የሚለው ከእንግዲህ እሱ እንዲሆን። እሺ አልኩት። ቀላል አልነበረም። እናቱ ይህን ሁሉ ከጓዳ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ስወጣ ጨበጡኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24

አዋላጇን ጋራዡ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሌላ መካኒክ ብትፈልግ የፈረሰውን ጠግኜ፣ እንደ ነበረች አድርጌ እመልስልዎታለሁ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይህንኑም አልኳት።

ቆማ አዳመጠችኝ። ቁጣዋ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያ ነው የከበደኝ።

«እኔ በእናት ሆድ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የፅንስ ልብ ነው የማዳምጠው» አለች። «ካልሰማሁ፣ አልሰማሁም እላለሁ። ሌላ ሰው ጠርቼ አዳምጪ እላታለሁ። ሳልሰማ ሰማሁ ያልኩ ቀን፣ ጋሼ፣ ሰው ነው የምገድለው። እርስዎም ዕድሜ ልክዎን ያን የሚያህል ሥራ ነው የሠሩት፤ ማንም ስላልነገርዎት ነው እንጂ።»

ራሴን ደፋሁ።

«የመጀመሪያ ቀን ስወጣ ምን እንዳልኩዎት ያስታውሳሉ?»

እውነቱን ነገርኳት፤ አልሰማሁትም።

«ችግር ካለ አይደብቁኝ ነበር ያልኩት። እሺ ብለውኛል።»

ከዚያ ማን አብሮዎት ይሠራል አለችኝ። ሽቦን ጠቀስኩ። ማዳመጫዋን ጠቀስኩ። «ይሥሩት እንግዲህ» አለች። «ዳገቱ ላይ ስንሞክር ግን እኔም እኖራለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

ሥራ የምትጀምርበት ቀን። በሕዝብ ማመላለሻ ሄደች፣ ቦርሳዋን አቅፋ። ሽቦ መጣ። የሥራ ልብሱን አልነካሁትም ነበር፤ አንሥቶ ለበሰው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ጉንጩ ቀላ፤ «በቃ ጋሼ፣ ሥራ አለ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

አዲስ ፒስተኖች። የማቀጣጠያው ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ግፊቱ ቀንሷል፤ መጀመሪያ ካሰብኩት ያነሰ ነው። ማዳመጫዋን እኔ ራሴ አሰርኳት። በስልክ መስማት ስለማልችል ላለፉት ሁለት ዓመት ደንበኞቼ ሽቦ እየደወለ እኔ ስማቸውን አነባለሁ። እስካሁን ዘጠኝ መኪና ተመለሰ፤ በሁለቱ ላይ ችግር አገኘን። በሁለቱ።

ደክሞኛል። ቢሆንም እንቅልፍ ይወስደኛል።

እሑድ፣ ነሐሴ 10

ዳገቱን ሦስት ሆነን ወጣን። ሽቦ ነዳ፤ አዋላጇ አጠገቡ ሆና መስኮቱን ከፍታ አዳመጠች፤ እኔ ኋላ ኮምፒውተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የማዳመጫዋን ቁጥር አነበብኩ። በሠራሁት መኪና ኋላ ወንበር ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ያ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ቁጥሩ ብልጭ አለ። በዚያው ቅጽበት አዋላጇ እጇን አነሣች፤ ሽቦም እግሩን አነሣ። ሦስታችንም በየመንገዳችን አወቅነው።

መንገድ ዳር ቆመን ግፊቱን አንድ እርከን ዝቅ አደረግን። ወርደን እንደገና ወጣን። ዝም። ደግመን ወጣን። ዝም። አምስት ጊዜ ነው የወጣነው። አምስተኛው ላይ ጭነት መኪኖቹን አለፍናቸው፤ ያን ዕለት እንዳለፍናቸው አይደለም፣ ግን አለፍናቸው።

«ለኔ ይበቃኛል» አለች። ፊቷን ወደኔ አዙራ ነው የተናገረችው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 16

ዛሬ መኪናዋን ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ማዶ መድረስ ነበረባት፤ ሁለት እናቶች ቀናቸው ደርሷል። ዘይቱን በየስንት ጊዜው እንደምታይ፣ ከዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው እንዳታጠፋ፣ ቱርቦዋ ጥቂት እንድትቀዘቅዝ ነገርኳት። እናት ልጇን ስትሸኝ እንደምታደርገው ሁለት ጊዜ ነገርኳት። «ሰማሁ» አለች፤ ከዚያ ምን እንዳለች ስታውቅ ፈገግ አለች።

ሽቦና እኔ በሩ ላይ ቆምን። መንገዱ ከጋራዡ ፊት ጀምሮ እስከ ኮረብታው መታጠፊያ ድረስ ይታያል። መኪናዋ እየራቀች ስትሄድ ለኔ ድምፅዋ ቶሎ አለቀ።

«ንገረኝ እስቲ» አልኩት። «እንዴት ነው የምትሄደው?»

ሽቦ የወሬ ሰው አይደለም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጆሮዬ አጠገብ ቆሞ ጀመረ። «አሁን ሁለተኛ አስገባች። ተረጋግታ ነው። ቱርቦዋ ማፏጨት ጀመረች፣ ቀጭን፣ ሰው ጥርሱ መሃል የሚያፏጨውን ዓይነት። ሦስተኛ አስገባች። ረገጠችው... ንጹሕ ነው። ንጹሕ ነው ጋሼ። ምንም የለም።»

መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ደርሳ ተሰወረች። ወደ ሥራዬ ልመለስ ዞር አልኩ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም፣ ማውራቱንም አላቆመም። እሱ ገና ይሰማታል።